አንድ ገበጣ፣ ልዩ ልዩ ሕግ፦ የፍልሰተኛ ተማሪዎችን የትምህርት ችግር በጨዋታ መረዳት፣ ኮልፌ ቀራንዮን መነሻ በማድረግ

አጠቃሎ

ከሌላ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ተማሪ በአማርኛ በተዘጋጀ የጽሑፍ ፈተና ብቻ ሲመዘን፣ ውጤቱ ዕውቀቱን፣ የቋንቋ ችሎታውንና የለመደውን ፊደል አደባልቆ ያሳያል። ይህ ጽሑፍ ጨዋታ ሦስቱን ነገሮች ለያይቶ ለማየት የሚረዳ የምልከታ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ለዚህም ገበጣን፣ የድምፅና የፊደል ጨዋታን እንዲሁም እንቆቅልሽን ይመረምራል፤ መምህራን ራሳቸው የፍልሰተኛውን ቦታ የሚቀምሱበትን ጨዋታም ያስተዋውቃል። በመጨረሻም መሣሪያው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ያመለክታል።

መግቢያ

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳመለከተው ከአዲስ አበባ ነዋሪዎች ግማሽ የሚጠጉት የተወለዱት ከከተማዋ ውጭ ነው። ስለዚህ ፍልሰት ለዚህች ከተማ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ክስተት ሳይሆን የዕድገቷ መሠረት ነው። በምዕራብ በኩል የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማም ይህንኑ ታሪክ ይጋራል። ለመርካቶ በሚቀርቡት ሰፈሮች በንግድ የሚተዳደሩ የጉራጌና የስልጤ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች በከተማዋ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ሰፈሮች ሙያቸውን ተክለዋል። በአየር ጤና በኩል የሚገባው የጅማ መንገድ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ሰው ያደርሳል። በዘነበወርቅ አካባቢ ደግሞ ለሥጋ ደዌ ሕክምና ከየአገሩ የመጡ ሕሙማን ከነቤተሰባቸው በሆስፒታሉ ዙሪያ ኖረዋል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው አለርትም የሚገኘው በዚሁ ስፍራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ፍልሰተኛ ተማሪ» የሚለው ስያሜ በዋናነት ከሌላ የአገሪቱ ክፍል መጥቶ በአዲስ አበባ ትምህርት የጀመረን ልጅ ያመለክታል። ከጎረቤት አገሮች የመጡ ስደተኛ ልጆችም ተመሳሳይ ችግር ስለሚገጥማቸው በውይይቱ ይካተታሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በቅድመ መደበኛና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለስደተኞች ከኢትዮጵያውያን ጋር እኩል አያያዝ እንዲደረግ ደንግጓል። ይሁን እንጂ የትምህርት ቤቱን በር ማለፍ አንድ ነገር ነው፤ በክፍሉ ውስጥ የሚነገረውንና የሚጻፈውን መከታተል ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሁለተኛው ነው።

ፈተናው ምን ይለካል?

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በዚህም ምክንያት አፋን ኦሮሞ፣ ወላይትኛ፣ ጋምኛ፣ ሀዲይኛና ሌሎችም ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ተጽፈው የትምህርት ቋንቋ ሆነዋል፤ ስልጥኛ በበኩሉ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ቢከፈቱም፣ በአብዛኞቹ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋው አማርኛ ነው። ስለሆነም «ከደቡብ የመጡ ተማሪዎች» ተብለው በአንድነት የሚጠሩት ልጆች የሚያጋጥማቸው ችግር አንድ ዓይነት አይደለም። በስልጥኛ ማንበብ የጀመረ ልጅ ፊደሉን ያውቃል፤ አዲስ የሚሆንበት ቋንቋው ነው። በጋምኛ የጀመረ ልጅ ግን ቋንቋውም ፊደሉም ይለወጡበታል። በገበያ አማርኛ የለመደ ሌላ ልጅ ደግሞ ሲናገር ችግር የሌለበት ይመስላል፤ ሆኖም በአማርኛ አንድ መስመር አንብቦ አያውቅ ይሆናል።

ይህ ልዩነት በጽሑፍ ፈተና ላይ አይታይም። «አንድ ነጋዴ 48 ብርቱካን ለ12 ሰዎች እኩል ቢያከፋፍል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» የሚል ጥያቄ ቀረበ እንበል። ተማሪው በመጀመሪያ ፊደሉን ማንበብ፣ ቀጥሎ «እኩል ቢያከፋፍል» የሚለውን ሐረግ መረዳት፣ በመጨረሻም ማካፈል ይጠበቅበታል። ሦስት በሮች በተርታ ቆመዋል ማለት ነው። መልሱ ሲሳሳት የትኛው በር እንደተዘጋ ወረቀቱ አይናገርም፤ መምህሩ ግን «ሒሳብ አይችልም» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የድምዳሜው መዘዝ ቀላል አይደለም። የውጤት ካርዱ ወይም መሸኛው ያልተሟላለት ልጅ በእንዲህ ያለ ፈተና ተመዝኖ ከነበረበት ክፍል ሁለት ዓመት ዝቅ ቢል፣ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል፤ የሚያውቀውን ትምህርት እንደገና ይማራል፤ የማያውቀው ነገር፣ ማለትም ቋንቋውና ፊደሉ ግን ተለይቶ አይሰጠውም። ዕድሜው ለሥራ ሲደርስ ደግሞ ሽመናው፣ ሊስትሮውና ሱቁ ከትምህርት ገበታው ጋር ይሻሙበታል። ስለዚህ የምዘናው ስሕተት ልጁን ከትምህርት ዓለም እስከ ማስወጣት ሊደርስ ይችላል።

ከሌሎች ጥናቶች የሚገኝ ትምህርት

አንድ ልጅ በሚያውቀው ተግባርና በጽሑፍ ፈተና የሚያሳየው ችሎታ ምን ያህል ሊራራቅ እንደሚችል በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ የብራዚል ጥናት አሳይቷል። ቴሬዚንያ ካራሄር፣ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን በሬሲፌ ከተማ በመንገድ ላይ ንግድ የሚሠሩ አምስት ልጆችን ተመለከቱ። ልጆቹ በሚሸጡበት ቦታ የቀረቡላቸውን የሒሳብ ጥያቄዎች 98.2 በመቶ በትክክል መለሱ። ተመሳሳይ ስሌቶች በቃላት ችግር መልክ ሲቀርቡ ውጤቱ ወደ 73.7 በመቶ፣ በደረቁ ቁጥሮች ብቻ ሲሰጡ ደግሞ ወደ 36.8 በመቶ ወረደ። የልጆቹ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ አኃዙን ለሁሉም ልጅ ማዋል አይገባም። ሆኖም ችሎታው ሳይለወጥ የመጠየቂያው መንገድ ብቻ ውጤቱን እንደሚለውጥ ያስገነዝባል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ ከእስራኤል የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን በርካታ ቤተ እስራኤላውያን ከኢትዮጵያ ተጉዘዋል፤ በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ተጓጉዘዋል። ልጆቹ በተለመደው የአእምሮ ችሎታ ፈተና ሲመዘኑ በአገሩ ከተወለዱት እኩዮቻቸው እጅግ ዝቅ ያለ ውጤት አሳዩ። የሩቨን ፎየርስታይንን አካሄድ የተከተሉ ተመራማሪዎች፣ ከእነዚህም መካከል ዴቪድ ጹሪኤል፣ ሌላ መንገድ ሞከሩ። ለልጁ የቅርጽና የሥዕል ተግባር ይሰጡታል፤ ሲቸገር ያሳዩታል፤ ከዚያም ተመሳሳይ ተግባር እንደገና እንዲሠራ ያደርጋሉ። ከአጭር እገዛ በኋላ በልጆቹና በእኩዮቻቸው መካከል የነበረው ልዩነት በእጅጉ ጠበበ። የመጀመሪያው ፈተና የመዘነው ልጁ ያንን ዓይነት ተግባር ቀደም ብሎ የማየት ዕድል ማግኘት አለማግኘቱን ነበር። የመማር ችሎታው የታየው በእገዛው ጊዜ ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተደረገው ጉዞና ከጋሞ ወደ ኮልፌ የሚደረገው ጉዞ በርቀትም በዓይነትም ይለያያሉ። የሚጋሩት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ እርሱም «ልጁ አሁን ምን ያውቃል?» ከሚለው ጎን «ሲያሳዩት ምን ያህል ይማራል?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ያለ ውድ መሣሪያ ለመጠየቅ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ጨዋታ ነው።

ጨዋታ እንደ ምልከታ መሣሪያ

ዣን ፒያዤ በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልጆችን የሥነ ምግባር ፍርድ የሚመለከት መጽሐፍ የስዊዘርላንድ ልጆችን የብይ ጨዋታ አጥንቷል። ልጆቹ እንዲጫወቱም የጨዋታውን ሕግ እንዲያስረዱም ጠይቋል፤ ሕግን መተግበርና ስለ ሕጉ ያለው ግንዛቤ እኩል እንደማይራመዱም ተገንዝቧል። ይህ ለፍልሰተኛ ተማሪ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በአማርኛ ማስረዳት የማይችለውን ሕግ በእጁ ሊያሳይ ይችላልና። ከዚህ በታች የተመረጡት ሦስት ጨዋታዎች እያንዳንዳቸው ከላይ ከተጠቀሱት በሮች አንዱን ለይተው ያሳያሉ።

1. ገበጣ፦ ዕውቀትን ከቋንቋ መለየት

ገበጣ በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች በልዩ ልዩ ስምና ሕግ ይጫወቱታል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። የረድፉ ብዛት፣ የጠጠሩ ቁጥርና የመብላቱ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያሉ። ጨዋታው ሰሌዳ እንኳ አይፈልግም፤ መሬት ላይ የተቆፈሩ ትንንሽ ጉድጓዶችና ጠጠር ይበቃሉ።

በሁለት ረድፍ በተደረደሩ 12 ጉድጓዶች ውስጥ 48 ጠጠር በእኩል ማስቀመጥ ከላይ የተጠቀሰው የብርቱካን ጥያቄ ነው። እዚህ ግን ንባብም ሐረግም አያስፈልግም። ልጁ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ሲያስቀምጥ ማካፈሉ ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ይበልጣል። ጠጠሮቹን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል ወይስ በዓይኑ ይለያል? ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የምታርፍበትን ጉድጓድ ያመለክታል? 13 ጠጠር ያለበትን ጉድጓድ ቢያነሣና መነሻው የማይዘለል ቢሆን፣ አንድ ዙር ጨርሶ ከመነሻው ቀጥሎ ባለው ጉድጓድ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ያውቃል? ይህን በምልክት ያሳየ ልጅ ቃሉን ባያውቀውም የቀሪን ጽንሰ ሐሳብ ይዟል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ማካፈል አይችልም» ብሎ ዝቅ ወዳለ ክፍል መመደብ ስሕተት ነው፤ የሚያስፈልገው የሒሳቡ ቋንቋ ነው።

2. የድምፅና የፊደል ጨዋታ፦ ንባብን ከፊደል መለየት

በላቲን ፊደል ማንበብ የጀመረ ልጅ ማንበብ የማይችል ልጅ አይደለም። ቃል ከድምፆች እንደሚሠራና ድምፅ በምልክት እንደሚወከል አስቀድሞ ተረድቷል። በላቲን «ሙ» ለማለት አንድ ተነባቢና አንድ አናባቢ ለየብቻ ይጻፋሉ፤ በግዕዝ ፊደል ግን ሁለቱም በአንድ ሆሄ ይጠቃለላሉ። በ33 መሠረታዊ ሆሄያትና በሰባት ቤቶች 231 ምልክቶች ፊት የቆመ ልጅ ብዛቱ ቢያስደነግጠው አያስገርምም።

ጨዋታው በሦስት ደረጃ ይካሄዳል። በመጀመሪያ ተማሪዎች በመረጡት ቋንቋ በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን በየተራ ይጠራሉ። ቀጥሎ ቃላቱን በጭብጨባ ይከፋፍላሉ። በመጨረሻ ካርቶን ተቆርጦ በተሠሩ ካርዶች የላቲኑን ጥንድ ከግዕዙ ሆሄ ጋር ያዛምዳሉ። መምህሩ «በ፣ ቡ፣ ቢ»ን ካሳየ በኋላ «ከ»ን ብቻ ሰጥቶ «ኩ» እና «ኪ» የትኞቹ እንደሆኑ ከካርዶቹ መካከል እንዲመርጡ ያደርጋል። በቀኝ ወገን የሚቀጠለውን ምልክት አስተውሎ የመረጠ ልጅ ሥርዓቱን ጨብጧል፤ የሚቀረው ልምምድ ነው። እንደ «ሩ» እና «ሪ» ያሉት ከዚህ መንገድ የሚወጡ ሆሄያት ዘግይተው ይቀርባሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የተቸገረ ልጅ ግን ችግሩ ከፊደሉ በፊት የሚመጣ ስለሆነ የተለየ እገዛ ያስፈልገዋል።

3. እንቆቅልሽ፦ የቃል አማርኛን ማድመጥ

«እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ የሚመለሰው ጨዋታ ተማሪው አማርኛን በምሳሌያዊ አነጋገር ደረጃ ምን ያህል እንደሚከታተል ያሳያል። የገበያ አማርኛና የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ነገርን በሌላ ነገር መግለጽን፣ ማወዳደርንና ምክንያት ማቅረብን ይጠይቃል። ተማሪው ከቤቱ ቋንቋ እንቆቅልሽ አምጥቶ በአማርኛ እንዲያቀርብ ሲጋበዝ ደግሞ፣ የትኛው ቃል እንደጎደለው፣ ጉድለቱንም በምን ዘዴ እንደሚሞላ በግልጽ ይሰማል።

ጨዋታው ሌላም ገጽታ አለው። መልሱ የጠፋበት ተጫዋች «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም አንድ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ፍልሰተኛው ልጅ በዚህች ቅጽበት የትውልድ መንደሩን ሊሰጥ ይችላል፤ ኮልፌንም ሊሰጥ ይችላል። የሰጠው ስም ለውይይት በር ሊከፍት ይችላል፤ ስለ ልጁ ማንነት መደምደሚያ ለመስጠት ግን ማስረጃ አይሆንም።

የአመዘጋገብ ሥርዓት

ጨዋታው ጥናት የሚሆነው በሥርዓት ሲመዘገብ ነው። ለእያንዳንዱ ጨዋታ ሦስት ዙር በቂ ነው። በመጀመሪያው ዙር ልጁ ያለ እገዛ ይጫወታል። በሁለተኛው ዙር መምህሩ ወይም አጥኚው ሲቸገር ያሳየዋል፤ ያሳየውን ነገርና የእገዛውን ዓይነት (በእጅ፣ በአማርኛ፣ በልጁ ቋንቋ) ይጽፋል። በሦስተኛው ዙር አደራደሩ ተለውጦ ልጁ ብቻውን ይሞክራል። ለምዘና የሚጠቅመው በአንደኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል የታየው ለውጥ ነው። በአማርኛ ሲነገረው ያልተለወጠ፣ በቤቱ ቋንቋ ወይም በእጅ ሲያሳዩት ግን የተለወጠ ልጅ ችግሩ የት እንዳለ አመልክቷል። ምልከታውን ሁለት ሰዎች ለየብቻ መዝግበው ቢያመሳክሩት አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል።

መምህሩ ሲጫወት

እስከዚህ ድረስ ተመልካቹ መምህር፣ ተጫዋቹ ተማሪ ነበር። ቦታቸው ሲለዋወጥ የሚገኘው ትምህርት የተለየ ነው። ሲቫሳይላም ቲያጋራጃን እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ያዘጋጀው «ባርንጋ» የተባለ የካርታ ጨዋታ ስሙን ያገኘው ባርንጋ ከምትባለው የላይቤሪያ ከተማ ነው። ተጫዋቾች በየጠረጴዛው ይቀመጣሉ፤ ሕጉን አንብበው ከጨረሱ በኋላ መነጋገር ይከለከላል። የየጠረጴዛው ሕግ በጥቂቱ እንደሚለያይ አይነገራቸውም። አሸናፊዎች ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲዛወሩ በትክክል እየተጫወቱ ሳሉ ስሕተተኛ ይሆናሉ፤ ለማስረዳትም ቋንቋ የላቸውም።

ለኢትዮጵያ መምህራን ይህ ጨዋታ በገበጣ ሊተካ ይችላል፤ የተለያየ ሕግ በአገሩ ውስጥ አስቀድሞ አለና። በአራት ቡድን ለተከፈሉ መምህራን በመብላቱና በመነሻው ጉድጓድ ረገድ ጥቂት የሚለያዩ ሕጎች ይሰጣሉ፤ ከዚያ በዝምታ ይጫወታሉ፤ ከዚያም ይዘዋወራሉ። በመጨረሻ «አዲስ የመጣውን ተጫዋች ምን ብለህ ገመትኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው ለምን እንደሚነሣ ግልጽ ነው፤ አላወቀም ተብሎ የተገመተው ሰው ሌላ ሕግ የሚያውቅ ነበር። በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ልጅ ከዚህ በኋላ መመልከት እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ጥንቃቄዎች

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ሌላ ፈተና መሆን የለበትም። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በሽመና፣ በሊስትሮ ወይም በቤት ሥራ የሚውል ልጅ የመጫወቻ ጊዜ አላገኘ ይሆናል። ገበጣ አለመቻሉ የችሎታ ማነስ ምልክት አይደለም፤ ምናልባት ስለ ሥራ ጫናው የሚናገር መረጃ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የ1989 እ.ኤ.አ. የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 መጫወትን መብት ያደረገ መሆኑን አጥኚ ሊዘነጋ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ጨዋታዎች በጾታና በዕድሜ ይለያያሉ። በአንድ ሰፈር ብይ የወንዶች፣ ቅልብልቦሽ የሴቶች ተደርጎ ከተቆጠረ፣ አንዱን ብቻ መምረጥ ግማሹን ክፍል ከምልከታ ያስወጣል።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ልጆች በግጭት ምክንያት የተፈናቀሉ ናቸው። ለእነዚህ «አገር ስጠኝ» የሚለው ቃል ቁስል ሊነካ ይችላል። ልጁ መልስ ባይሰጥ ወይም ጨዋታውን ቢተው ሊጠየቅ አይገባም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት የሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃናትን ደኅንነት እንዲያስቀድም ያዛል፤ ጥናትም ከዚህ ውጭ አይደለም። የወላጅና የልጁ ፈቃድ፣ የስም ምስጢራዊነትም አስፈላጊ ናቸው።

አራተኛ፣ የጨዋታ ምልከታ የጽሑፍ ፈተናን ሙሉ በሙሉ አይተካም። ልጁ ውሎ አድሮ በአማርኛ ማንበብና መጻፍ፣ ኋላም በእንግሊዝኛ መማር ይጠበቅበታል። የጨዋታው ድርሻ ፈተናው ከምን መነሻ እንደተሰጠ ማሳወቅ ነው።

ማጠቃለያ

በኮልፌ ቀራንዮ አንድ ክፍል ውስጥ የስልጥኛ፣ የጋምኛ፣ የአፋን ኦሮሞና የትግርኛ ተናጋሪ ልጆች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። በአማርኛ ፈተና ሁሉም እኩል ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጡ እንኳ ምክንያታቸው የተለያየ ነው፤ መፍትሔውም እንደዚሁ። ለአንዱ የፊደል ልምምድ፣ ለሌላው የመጽሐፍ አማርኛ፣ ለሦስተኛው የሒሳብ እገዛ፣ ለአራተኛው ምናልባት የዕረፍት ጊዜ ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ላይ ወደ ታችኛው ክፍል ማውረድ ለማንኛቸውም መልስ አይሆንም።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የሚቀረው ተግባር እነዚህን ጨዋታዎች በተመረጡ ትምህርት ቤቶች መሞከር፣ የሦስቱን ዙር ውጤት ከዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ውጤት ጋር ማነጻጸር፣ በክፍል ምደባ ላይ የሚያመጡትንም ለውጥ መከታተል ነው። ሙከራው የሚጠይቀው ወጪ ጠጠር፣ ካርቶንና የመምህሩ ጊዜ ነው። ከእነዚህ ውድ የሚሆነው የመጨረሻው ነው፤ ልጁን የሚያድነውም እርሱ ነው።